የፈረመ ይሳፈራል

ሚያዝያ 9

ለፈረቃ ኃላፊዋ፣

ከሥራዬ ያባረረኝ በሽታው አይደለም። አንቺ ነሽ።

ዝርዝሩን በዓይኔ አይቻለሁ። አሥራ አራት ስም ነበረበት፤ የእኔ ሦስተኛው ነው። ከግርጌው ያለው ፊርማ የማን እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። እጅሽን ይዤ ፊደል ያስጻፍኩሽ እኔ ነኝ። የገዛ ልጄን እጅ አልስተውም።

ሰላምታ አልጻፍኩም። ሰላምታ የሚሰጠው ሰላም ያለው ሰው ነው።

በላክሽው መልእክት ስልክ ለምን አታነሳም ላልሽው መልሱ አጭር ነው፤ ላናግርሽ ስለማልፈልግ ነው። የምትይው ካለሽ ጻፊው። በስልክ የተባለ ነገር ነገ "መቼ አልኩ?" ይባልበታል። ሠላሳ ስምንት ዓመት አውሮፕላን ሥር በጀርባዬ ተኝቼ የተማርኩት ነገር ቢኖር ያልተጻፈ ሥራ ያልተሠራ ሥራ መሆኑን ነው። አንቺንም ያስተማርኩሽ ይህንኑ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላወቅኩትም። በርሜል አጣቢ ሆኜ ተቀጥሬ፣ መመሪያውን በአንድ እጄ፣ መዝገበ ቃላቱን በሌላው ይዤ፣ ቃል በቃል እየፈታሁ ነው። ያ ሁሉ "ዕድሜያቸው ከስልሳ በላይ የሆኑ" በሚል አንድ መስመር አለቀ።

ማን አነጋገረህ፣ እንዴት ወጣህ ብለሽም ጠይቀሻል። እያየሽ ምን ትጠይቂኛለሽ? አውሮፕላኖቹ ከቆሙበት ሜዳ በር እስከ ቢሮሽ መስኮት ሦስት መቶ እርምጃ ነው። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። በሩ አጠገብ ካለው ዕቃ ቤት ቀይ ጨርቅ ላመጣ ነበር የወጣሁት። ጥበቃው የሙቀት መለኪያውን ግንባሬ ላይ ደቅኖ ባጄን ተቀበለኝ።

"ጋሼ፣ ወደ ውስጥ መመለስ አይቻልም። መኪናው እየጠበቀዎት ነው" አለኝ።

"ሥራ ጀምሬ ነው የመጣሁት። ልጨርስና ልውጣ።"

"ሥራ አይጠፋም ጋሼ፤ የሚጠፋው ሰው ነው።"

ልጅ አዋቂ! መፍቻዬን እንኳ አልሰጡኝም። ከአሥራ ሦስት ሰው ጋር የጭነት መኪና ላይ አሳፍረው፣ ቀኑን ሙሉ አጉዘው፣ እንደ ሲሚንቶ ደጄ ላይ አራገፉኝ።

እናትሽ ደህና ናት። የግድግዳውን ሰዓት የምታስተካክለው ጠዋት አሥራ ሁለት ከሃያ ላይ በቤታችን አናት የሚያልፈውን አውሮፕላን እየሰማች ነበር። አሁን ሰማዩ ዝም ብሏል፤ ሰዓቱ ሩብ ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል። እኔም አልነካውም።

ቀለም ቀቢው እንዴት ሆነ? እኔ የወጣሁ ዕለት ሲያስል ሰምቼዋለሁ። ሃያ ዓመት አንድ ቁም ሳጥን ስለተጋራን ነው የምጠይቅሽ።

የቀድሞ መካኒክ


ሚያዝያ 28

አባባ፣

እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ? ሁለተኛው ደብዳቤህም ደርሶኛል። እሱም ሰላምታ የለውም።

የመሣሪያ ሳጥንህን ማንም አልነካውም። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። መፍቻህን ሾፌሩ ፉጨት በሚቀጥለው ጉዞው ያመጣልሃል ብዬ ነበር፤ ግን መንገድ ላይ ያለው ፍተሻ ብረት ሲያይ ጥያቄ ያበዛል አለኝ። እዚሁ ይቆይህ።

ጎማዎቹን የምናዞራቸው እኛው ነን። በየሳምንቱ፣ አንድም ሳይቀር። ብዙ ከቆመ ጎማው ከታች ጠፍጣፋ ይሆናል እያልክ ስንት ጊዜ ነግረኸኛል። ሠላሳ አንድ አውሮፕላን አፍንጫና ጭራው ሊነካካ ምንም እስኪቀረው ተጠጋግቶ ቆሟል። እኛ አራት ነን። አንዱ የበረራ አስተናጋጅ ነበር፤ ሌላ ሥራ ስለሌለ መስኮት ያጥባል። መሰላሉን አስጠግተን ወደ ውስጥ ስንገባ ከልምዱ የተነሳ "እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ቀበቷችሁን እሰሩ" ይለናል። የመጀመሪያ ቀን ስቀናል። አሁን ማንም አይስቅም፤ እሱም ግን አልተወውም።

አቧራው አይጣል ነው። ጠዋት የጠረግነው ክንፍ ከሰዓት በጣት ይጻፍበታል። ስልክ የሚሠራው ከማኮብኮቢያው ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ደስ ሲለው። ውሃ በቦቴ ይመጣል። ጤናችን ደህና ነው። አራታችንም በየጠዋቱ እንለካለን።

መጋረጃውን አይተኸዋል። አዎ፣ እኔ ነበርኩ። ይቅር በለኝ እንድልህ ትጠብቅ እንደሆነ አላውቅም። ዝርዝሩን ፈርሜዋለሁ፤ ነገ መልሰው ቢሰጡኝም እፈርመዋለሁ። እልኸኝነቱን ከየት እንዳመጣሁት አንተ ታውቃለህ።

እማዬን ሳምልኝ። መድኃኒትህን ዋጥ።

ልጅህ


ግንቦት 19

ለፈረቃ ኃላፊዋ፣

ሦስት ደብዳቤሽ በአንድ ጊዜ ደረሰኝ። ፉጨት እያፏጨ መጥቶ ከበሩ ማዶ ቆመና "ጋሼ፣ ስልክ እኮ ተፈልስፏል! አልሰሙም እንዴ?" አለኝ። ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ ነው የሚያፏጨው። አፍህን ሸፍን ብዬ ነገርኩት። "ሸፍኜ እንዴት ላፏጭ?" አለኝ። ወፍራም ደንቆሮ ነው፤ ግን ደብዳቤ አይጥልም።

ስለ ቀለም ቀቢው የጠየቅኩሽን በሦስቱም ደብዳቤ ዘለልሽው። ስለ ቦቴው ጻፍሽ፣ ስለ አቧራው ጻፍሽ፣ መስኮት ስለሚያጥበው ሰውዬ ቀበቶ ጻፍሽ። ገብቶኛል። ቀኑን ብቻ ጻፊልኝ።

የወፎቹን ነገር በተመለከተ፣ አያባርሯቸውም። ጎጆ ከመሥራታቸው በፊት ቀዳዳውን መድፈን ነው። ቀዳዳ በዓይን አይቆጠርም፣ በእጅ ነው። ዓይን ማየት የፈለገውን ነው የሚያየው። ይህንንም ነግሬሽ ነበር።

ሞተር ስለማስነሳቱ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይበቃል።

የሰዎቹን ኑሮም ጠይቀሻል። ዋናው ሃንጋር ከጥቂት ተረኞች በቀር ለማንም ተቆልፏል። የአየር ማረፊያው መግቢያ ላይ ያለው ትልቁ የበረራ ሰሌዳ ሁሉም መስመሩ "ተሰርዟል" እንዳለ ጠፍቷል ይላሉ። ጎረቤታችን ካፒቴኑ በራሱ መኪና ለሰው ዕቃ ያደርሳል። እናትሽ ትናንት ዱቄት አስመጣች። እሱ ደጃፍ ላይ ሲያወርድላት "ካፒቴን፣ በሰላም አረፍክ?" አለችው። ሳቀ። በሩን ከዘጋሁ በኋላ እሷ አለቀሰች። በኔም ላይ ምላሷ ስል ሆኗል፤ "አንተ ከአውሮፕላን ጋር ነው የተጋባኸው። አሁን ሁለታችንም ፈት ሆነናል" ትለኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰባት ቁጥር አውሮፕላን ላይ የቀረ ነገር አለ ወይ ብለሽ በሦስቱም ደብዳቤ ጠይቀሻል። የሥራ ካርዷ ለምን በግማሽ ቀረ ብለሻል።

አዎ፣ አለ።

ምን እንደሆነ አልነግርሽም። ሥራውን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ የምጨርሰውም እኔ ነኝ። ስሜን ወደ ቦታው መልሺ፣ ባጄን ላኪልኝ፣ በፉጨት መኪና መጥቼ በገዛ እጄ እከፍተዋለሁ። እስከዚያ ማንም አይንካት። እንደኔ ግምት እስከ ዓመቱ መጨረሻ የምትነሳ የለችም። ስለዚህ ጊዜ አለሽ፤ አስቢበት።

የቀድሞ መካኒክ


ሰኔ 2

አባባ፣

ቀለም ቀቢው ያረፈው ሚያዝያ 3 ቀን ነው። ከወጣህ በአሥረኛው ቀን። አልጻፍኩልህም፤ ምክንያቱም ከእሱ ጋር በአንድ ኩባያ ትጠጡ ነበር፤ በሽታው አንተንም ይዞህ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ቀኑን ስቆጥር ነበር። አሥራ አራተኛው ቀን አልፎ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ፣ ያ ሁሉ ስድብ እያለበት፣ ጉብታው ላይ ወጥቼ አራት ጊዜ አነበብኩት።

መምጣት አትችልም። ከአለቆቼ ጋር አይደለም የተከራከርኩት፤ ከራሴ ጋር ነው። ያንተ ሳንባ ከሠላሳ ስምንት ዓመት ቀለምና ነዳጅ በኋላ ምን እንደሚመስል ሐኪሙ ፎቶውን ሲያሳየን አብሬህ ነበርኩ። አንተ መስኮቱን ታይ ነበር፤ ፎቶውን ያየሁት እኔ ነኝ።

ሰባት ቁጥርን አይተናታል። ሁለት ጊዜ ዞርናት። ካርዱ ላይ አሥራ ስድስት የቀዳዳ መሸፈኛ ጽፈሃል፤ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸውን አሥራ ስድስቱን ቆጥረን አውጥተናል። ሞተሮቿ ተነስተዋል፤ ድምፃቸው ንጹሕ ነው። የቀረ የለም። በእልህ እንደጻፍከው ይገባኛል፤ አልተቀየምኩህም።

ይህን የምነግርህ ግን ደስ ይልሃል ብዬ ነው። የመጀመሪያዋ የምትነሳው እሷ ናት። መንገድ ለተዘጋባቸው ከተሞች መድኃኒት የሚጭን ትንሽ አውሮፕላን ተፈለገ። እሑድ ሰኔ 14 ቀን፣ ጠዋት አራት ሰዓት። የእናንተ ከተማ የመጀመሪያው ማረፊያዋ ነው። ሁለቱን ታንክ ሙሉ ሞልተን እንነሳለን፤ በረራው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

ፈርሜላታለሁ። ልማዱን ያወጣኸው አንተ ነህ፤ ከቆመችበት የምትነሳን አውሮፕላን የፈረመ ይሳፈራል። ከአብራሪዎቹ ጀርባ ባለችው ወንበር እቀመጣለሁ።

ለእማዬ ሰዓቱን አዘጋጂ በላት።

ልጅህ


ሰኔ 14፣ እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል

ልጄ፣

ይህን የምጽፈው በፉጨት መኪና ውስጥ ነው። ፍተሻ ላይ አምስት ቀን አቁመውት ደብዳቤሽን ያደረሰኝ አሁን ነው። ስልክሽ ላይ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩ። አሁን የምንሄደው ወደ ዋናው ሃንጋር ነው፤ ከሜዳው ጋር የሚያገናኝ ሬዲዮ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ባጅ የለኝም። ካላስገቡኝ ይህን ወረቀት ተቀብለው ቃል በቃል እንዲያነቡልሽ ነው የምጽፈው። ስለዚህ የሚያነበው ሰው ሆይ፣ ቀስ ብለህ አንብብ፤ አትዝለል።

ሰባት ቁጥር ላይ አሥራ ሰባተኛ መድፈኛ አለ። ካርዱ ላይ የለም። በግራ ክንፍ ሥር፣ ከጫፉ ሁለት ክንድ ወደ ውስጥ፣ የነዳጅ ታንኩ መተንፈሻ ውስጥ ነው። ወፎቹ ጭድ ማስገባት ጀምረው ነበር። የነበረን ቀይ መሸፈኛ ለስምንት አውሮፕላን ብቻ ነው፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይቆማሉ ብሎ ማን አስቦ? ከአሮጌ በር ማሸጊያ ጎማ ቆርጬ ገፋሁት። ጎማው ግራጫ ነው። የክንፉም ሆድ ግራጫ ነው። ቀዩን ጨርቅ ላመጣና ላስርበት፣ ከዚያም ልጽፈው ስሄድ ነው በሩ ላይ የያዙኝ።

በዓይን አይታይም። እጅ አስገቡ፤ እስከ ክርን።

መሬት ላይ ሞተሩ ደህና ይሠራል፣ አትታለሉ። አየር ላይ ነዳጁ ሲጎድል በቦታው አየር መግባት አለበት። ካልገባ ታንኩ ይጨመደዳል፣ ነዳጁ ወደ ሞተሩ አይወርድም። ያ የሚሆነው ስትነሱ አይደለም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ ተራራው ላይ።

ልጄ፣ ከወንበሩ ውረጂ።

ደርሰናል። ፉጨት ዛሬ አላፏጨም።


ሰኔ 17

አባባ፣

መልእክትህ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ደርሶኛል። ቀበቶዬን አስሬ ነበር። የግራው ሞተር እየዞረ ነበር። አስተናጋጁ የነበረው ባልደረባችን ከሬዲዮው ክፍል እስከ አውሮፕላኑ ሮጦ፣ አብራሪው ፊት ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልተርክልህም። እጄን ያስገባሁት እኔ ነኝ። እስከ ክርን ነው ያልከው፤ ያንተ ክንድ ከኔ ይረዝማል፣ እኔ እስከ ብብቴ ነው። ጎማው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ከሥሩ ሦስት ጭድ ነበረበት።

በሃንጋሩ በር ላይ የሆነውን ፉጨት ነግሮኛል፤ የሃንጋሩ ጥበቃም በሬዲዮ ነግሮኛል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ነው የሚናገሩት። ወረቀቱን ሰጠኸው። እሱም ተረኛውን ኃላፊ ጠራ። ኃላፊው ከአጥሩ ማዶ፣ ሁለት ሜትር ርቆ፣ "አባት፣ ከውጭ የመጣ ወረቀት አንቀበልም፤ ክልክል ነው። ሰኞ በጽሑፍ በኢሜይል ያቅርቡ" አለህ።

አንተ "በጽሑፍ" ስትባል!

ፉጨት እንዳለኝ ማስክህን አስተካክለህ፣ አጥሩን በሁለት እጅህ ይዘህ፣ የሃንጋሩ መስኮቶች በሙሉ እስኪከፈቱ ጮኽክ። "ሰባት ቁጥር ላይ ሥራ ሠርቼ ሳልጽፍ ወጥቻለሁ! ሦስት ወር አውቄ ዝም ብያለሁ! ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማንም አይደለም! ልጄ ተሳፍራለች!" እዚያ ያሉት ሁሉ አንተ ያስተማርካቸው ናቸው። ሁሉም ሰምተውሃል። ሬዲዮውን ከፍቶ ወረቀትህን ያነበበልን ጥበቃው ነው፤ ኃላፊውን ሳያስፈቅድ።

አርባ ደቂቃ ዘግይተን ተነሳን። ተራራው ላይ ስንደርስ የግራውን ነዳጅ መለኪያ እያየሁ ነበር። እንደሚገባው ይወርድ ነበር።

እናንተ ከተማ ሳርፍ ከአውሮፕላኑ መውረድ አልተፈቀደልኝም። በአጥሩ በኩል ሳይህ ነበር። ጀርባህን ሰጥተህ ቆመህ ነበር።

የሥራ ካርዱን አያይዣለሁ። ክፍቱን መስመር ሙላልኝ። ከፈለግክ መጋቢት 24 ብለህ ጻፈው፤ የሠራኸው ያን ቀን ነውና ማንም አይጠይቅም።

እኔም አጥፍቻለሁ። ጻፍክልኝ፤ እኔ ግን እልህ ነው ብዬ አለፍኩት። ጨርቅ ቆጠርኩ፤ እጄን አላስገባሁም። መጋቢት 24 ቀንም ከመስኮቱ ጀርባ ወጥቼ ሦስት መቶውን እርምጃ ብራመድ ኖሮ በሩ ላይ ትነግረኝ ነበር። መምጣት አቅቶኝ ነው። ዓይንህን ማየት ፈርቼ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይቅር ብለኸኛል?

ልጅህ


ሰኔ 26

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን።

ካርዱን ሞልቼዋለሁ። መጋቢት 24 አላልኩም። ያን ቀን አልጻፍኩትም፤ የተጻፈው ዛሬ ነው፤ ስለዚህ የዛሬ ቀን ነው ያለበት። "ለምን ዘገየ" በሚለው ቦታ ላይ "በሠራተኛው ጥፋት" ብዬ ፈርሜበታለሁ። አለቆችሽ ሌላ ቃል ቢፈልጉ ራሳቸው ይጻፉ።

ጎማውን መስኮቱ ላይ አስቀምጬው ነበር። እናትሽ "ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ የምጣድ እጀታ ነው?" ብላ ልትጥለው ነበር። ነጠቅኳት። የመሣሪያ ሳጥኔን ስትልኪ እዚያ ውስጥ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። ሳጥኑን አሁን ላኪው። እዚያ የሚያስፈልግ ነገር ካለበት አንቺ ውሰጂ። መፍቻው ያንቺ ነው።

ወደ ሥራ አልመለስም። ባጁን አትላኪ። ሳንባዬን የተመለከተውን አንብቤዋለሁ።

ጀርባህን ሰጠኸኝ ላልሽው፣ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነበር።

ከሌሎቹ አውሮፕላኖች ውስጥ አሥራ ሁለት ቁጥርና ሃያ ቁጥር ቀለም ቀቢው በሕይወቱ መጨረሻ የቀባቸው ናቸው። ጭራቸው ላይ ቀለሙ እንዳይላጥ በየሳምንቱ አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ አንሺላቸው። በደረቅ መጥረጊያ እንዳይነኩ።

እሑድ ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ በቤታችን አናት አለፋችሁ። መዘግየታችሁን ከአጥሩ ሥር ደውዬ ነግሬያት ስለነበር እናትሽ ወንበር ላይ ወጥታ ሰዓቱን አስተካከለች። በትክክለኛው ሰዓት ነው አሁን ያለው።

ከዛሬ ጀምሮ ስልክ አነሳለሁ። ስለ ጎማ፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ወፍ ጠይቂኝ። ስለ ጤናሽም ንገሪኝ። ስለ ዝርዝሩ፣ ስለ መጋረጃው፣ ስለ በሩ፣ በመጨረሻው መስመርሽ ስለጠየቅሽኝም ነገር አንድ ቃል ካወጣሽ ግን እዘጋዋለሁ። እኔም እስክሞት አላነሳውም። ካርዱ ተዘግቷል።

አባትሽ